ሁለተኛዋ የእንጨት መርከብ፦ ከሣጥኑ ሥዕል በፊት የሚቆጠረውና የሚለካው

ከኪት፣ ማለትም ቁራጮቹና ፕላኑ በሣጥን ከሚመጡበት የሞዴል መርከብ መሥሪያ፣ አንድ ትንሽ ጀልባ ሠርቶ የጨረሰ ሰው እጁ ተፍታትቷል፣ ልቡም ሰፍቷል። ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ሦስት ምሰሶ፣ ሙሉ ሸራና በሁለት ጎኗ የተደረደረ መድፍ ባላት መርከብ ሣጥን ላይ ነው። ተጀምሮ አልጋ ሥር የሚቀረው መርከብ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ምርጫ ላይ ነው፤ የእጅ ጉዳይ ብዙም የለበትም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የተሳሳተ ምርጫ ዋጋው እጥፍ ነው። ኪቱ የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ወይም በፖስታ ነው፤ አንዲት የናስ ቀለበት ብትጎድል ከጎረቤት ሱቅ ተገዝታ አትሞላም፤ ያልወደዱትን ሣጥን መልሶ መላክም የማይታሰብ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ ሁለተኛ ኪት በመጀመሪያው ላይ አንድ ከባድ ነገር ብቻ ይጨምር፤ ያም ነገር የጎን ልባጥ ይሁን። ልባጥ ማለት በመርከቧ መሐል ከፊት እስከ ኋላ በሚሄደው የጀርባ ሰሌዳ ላይ በተተከሉት የጎድን ሰሌዳዎች ዙሪያ ቀጫጭን ጣውላ እያጎበጡ መለጠፍ ነው። ገመዱ፣ መድፉና ቅርጻ ቅርጹ ለሦስተኛዋ ይቆይ። ልባጥ የተበላሸባትን መርከብ የትኛውም የገመድ ጥበብ አይሸፍናትም፤ ልባጧ ያማረ ግን ምሰሶ ባይኖራትም ታምራለች።

ሥዕሉን ትታችሁ መጀመሪያ ቁጠሩ። በየኪቱ ውስጥ የዕቃ ዝርዝር አለ፤ ብዙ አምራቾች መመሪያውን ከነዝርዝሩ በኢንተርኔት በነፃ ያወጡታል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ የመድፍ ብዛት፣ ዴድአይ የሚባሉትን ባለ ሦስት ቀዳዳ ክብ እንጨቶች ብዛትና የምሰሶ ደጋፊ ገመዶችን ቁጥር። የመርከቧ ርዝመት ስለ ድካሙ እምብዛም አይናገርም። ድካም የሚመጣው ተመሳሳይ ነገር በመደጋገም ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ምሰሶ ያላት መርከብ በእያንዳንዱ ጎን 4 ደጋፊ ገመድ፣ በላዩም 20 ረድፍ የመሰላል ገመድ ቢኖራት፣ በአንድ ጎን 80፣ በሁለቱ 160 ቋጠሮ አለ። ቋጠሮው 2 ደቂቃ ቢፈጅ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ሦስት ምሰሶ ስትሆን በየጎኑ በአማካይ 7 ገመድና 25 ረድፍ ብንይዝ የታችኛው ክፍል ብቻ 1,050 ቋጠሮ ነው። በላይኛው የምሰሶ ክፍል 4 ገመድ በ20 ረድፍ ሲጨመር ሌላ 480 ይመጣል። ድምሩ 1,530፣ በሰዓት ሲተመን 51 ይሆናል። ይህ እንግዲህ መሰላሉ ብቻ ነው፤ የሸራ መስቀያው፣ መዘውሩ፣ መጎተቻው ገና አልተነካም።

መድፉም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ፖርትስመዝ ላይ የምትገኘውና እ.ኤ.አ. በ1765 ባሕር ላይ የወረደችው ቪክቶሪ 104 መድፍ የያዘች መርከብ ነበረች። አንድ መድፍ በሙሉ ሲሠራ ሁለት የጋሪ ጎን፣ ሁለት ዘንግ፣ አራት ጎማና አፈሙዝ ነው፤ ዘጠኝ ቁራጭ፣ ቀለበቱና ገመዱ ሳይቆጠር። ብዙ ኪቶች ለታችኛው ወለል አፈሙዙን ብቻ ከቀዳዳ ላይ እንዲሰካ አድርገው ሥራውን ያቀሉታል፤ ቢሆንም የመድፍ መስኮቱን አንድ በአንድ አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ አይቀርም። ቪክቶሪ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ መርከብ ሥራ ናት። ሁለተኛ አድርጎ መጀመር በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ በአራተኛ ማርሽ እንደመሞከር ነው።

ቀጥሎ ስኬል። 1፡48 ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው መርከብ 48 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ዓይን እንዲረዳው በሰው ቁመት አስቡት፦ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ በ1፡24 ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡48 ሦስት ተኩል፣ በ1፡64 ከሁለት ተኩል ጥቂት በለጥ ያለ፣ በ1፡98 ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እውነተኛው የመሰላል ገመድ እርከን 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቅ በ1፡64 ልዩነቱ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ በ1፡98 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ3.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ውስጥ ቋጠሮ ማስገባት የሚቻለው በጥሩ ወረንጦ፣ በጥሩ መብራትና በማጉያ መነጽር ነው። ለሁለተኛ ሥራ ከ1፡48 እስከ 1፡64 ያለው ይሻላል። ስኩነር ለሚባሉት ባለ ሁለት ምሰሶ ረጃጅም መርከቦች እስከ 1፡75 ቢወርዱ ጉዳት የለውም።

ስኬሉ የጠረጴዛውንም መጠን ይወስናል። ብሉኖዝ የተባለችው የካናዳ ስኩነር፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ሉነንበርግ የወረደችው፣ ርዝመቷ 43.6 ሜትር ነበር፤ በ1፡64 አካሏ ብቻ 68 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡75 58 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከአካሉ ውጪ ከፊት የሚወጣውን ዘንግና የምሰሶውን ከፍታ ጨምሩበት። የምትሠሩበት ሰሌዳ ከመርከቧ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። የሥራ ቦታችሁ ለእንግዳ ሲባል በየጊዜው የሚነሣ የሳሎን ጠረጴዛ ከሆነ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን እርሱት።

የአካሉን ቅርጽ ከፕላኑ ላይ አንብቡ

ከላይ ወደታች የሚያሳየውን ሥዕል ተመልከቱ። አፍንጫዋ እንደ ቢላ ስለት ቀስ እያለ የሚጠብ ከሆነ ጣውላው በቀላሉ ይተኛል። እንደ ድንች ድቡልቡል ከሆነ ግን ጣውላው በአጭር ርቀት ውስጥ ወደ ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ያላጠበበና ያላራሰ ሰው ይሰብረዋል። ኋላዋንም እዩ፦ እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋ የሆነ ኋላ ይቅርታ ያደርጋል፤ ጣውላው አልፎት ይሄድና በመጋዝ ይቆረጣል። ክብ ሆኖ ወደ ላይ የሚሸሽ ኋላ አያዝንም። ጥሩ ሁለተኛ ኪት ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይከብዳት፤ አፍንጫዋ ድቡልቡል ከሆነ ኋላዋ ጠፍጣፋ ይሁን።

ከዚያ ልባጡ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? በድርብ ልባጥ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ነጭ እንጨት ነው፤ ስህተቱ ይሞረዳል፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በላዩ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዋልነት ወይም ሌላ መልካም እንጨት ይለጠፋል። በነጠላ ልባጥ ግን የመጀመሪያው የመጨረሻው ነው፤ እያንዳንዱ ክፍተት ለዘላለም ይታያል። ነጠላ ልባጥ የሚቀል የሚመስላቸው አሉ፣ ጣውላው ግማሽ ስለሆነ። እኔ ለሁለተኛ ሥራ ድርቡን እመርጣለሁ። ልዩነቱ አካሉን በቀለም የምትሸፍኑት ከሆነ ነው፤ ያኔ ነጠላውም ስቱኮ ይቀበላል።

በስም ለሚፈልጉ

ሞዴል ሺፕዌይስ ለጀማሪ ያወጣቸው ሦስት ተከታታይ ኪቶች አሉ፤ የዶሪ ጀልባ በ1፡24፣ የኖርዌይ ፕራም በ1፡12፣ የሎብስተር አጥማጅ ጀልባ በ1፡24። አንደኛውን የሠራችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትስበሩ። ሦስተኛዋ በጎድን ሰሌዳ ላይ የምትለበጥ ስለሆነች ወደ ትልቁ ሥራ የምታሸጋግር እሷ ናት፤ መድፍ የላትም፣ ገመዷም ጥቂት ነው።

የጦር መርከብ መልክ ካልኖራት አይሆንም ለሚል፣ ከተር የሚባሉት ባለ አንድ ምሰሶ መርከቦች አሉ። የአማቲ ሌዲ ኔልሰንና የቫንጋርድ ሞዴልስ አለርት ሁለቱም በ1፡64 ናቸው። ጥቂት መድፍ፣ አንድ ምሰሶ፣ ግን የተሟላ የገመድ ሥርዓት፦ ዴድአዩንም፣ መሰላሉንም፣ መዘውሩንም ትማራላችሁ፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ። አፍንጫቸው ሰፋ ስለሚል ልባጡ ላይ ትፈተናላችሁ፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

ልባጡ ቶሎ እንዲቀና ለሚፈልግ አርቴሳኒያ ላቲና የሚያወጣው ስዊፍት 1805 በ1፡50 አለ፤ ሁለት ምሰሶ፣ ስለታም አፍንጫ፣ ወለሉ ላይ ብዙ ዕቃ የሌለበት። ብሉኖዝ በሞዴል ሺፕዌይስ 1፡64፣ ብሉኖዝ ሁለተኛዋ ደግሞ በአርቴሳኒያ ላቲና 1፡75 ይገኛሉ። የመጀመሪያው ነጠላ ልባጥ፣ ሁለተኛው ድርብ ነው፤ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ብሉኖዝ ላይ የሚያስቸግረው የኋላ ጫፏ ነው፤ ወደ ላይ እየሸሸ ስለሚሄድ ጣውላው ሲደርስ ይጠመዘዛል። ኢንዱራንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንታርክቲክ በረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማ በ2022 የተገኘችው፣ ኦክሬ በ1፡70 ያወጣታል፤ ታሪኳ ያጓጓል። መድፍ የላትም፤ ነገር ግን ሦስት ምሰሶ አላት፤ ወደ ሦስተኛ ሥራ ብትገፋ ይሻላል።

ለወሎ ሰው ሌላም አማራጭ አለ፦ ሳምቡክ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ የሠራ አሮጌ ሾፌር ስሙን ያውቀዋል። የቀይ ባሕር የንግድ ጀልባ ናት፤ ሸራዋ ሦስት ማዕዘን፣ መስቀያ ዘንጓ ረጅምና የተጋደመ። የዓረብ ጀልባ ኪት የሚያወጡ አምራቾች አሉ። የመሰላል ገመድ የላትም፤ ምሰሶዋ የሚደገፈው በዴድአይ ሳይሆን ነፋሱ ሲዞር ከጎን ወደ ጎን በሚዛወር የመዘውር ገመድ ነው፤ በዚህም የገመዱ ሥራ ወደ ሲሶ ይወርዳል። አካሏ ደግሞ የሚያምር ጉብጠት ስላለው ልባጥን በደንብ ያስተምራል። ከዝርዝሬ ውስጥ አንዷን ብቻ ምረጥ ብባል እሷን ነው የማነሣው።

ዋጋው ከሌሎቹ ሲሶ የሆነ፣ የአምራች ስም በግልጽ የሌለው ኪት ስታዩ ጠርጥሩ። ከዋናው አምራች ሳይፈቀድ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ኮምፔንሳቶው ስስና የተጣመመ፣ ፕላኑ ደብዛዛና ልኩ ከቁራጮቹ ጋር የማይገጥም መሆኑ ነው። የጎድን ሰሌዳው ከማስገቢያው 1 ሚሊ ሜትር ሲያንስ መርከቧ በሙሉ ትጣመማለች፤ የምታጉረመርሙበትም ሰው አይኖርም።

ሲመጣ፣ ሲከፈት

ከመላኩ በፊት የሣጥኑን ርዝመት ጠይቁ። ጣውላዎቹ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ስለሚሆኑ ሻንጣ ውስጥ የሚሰበሩ እነሱ ናቸው። ለሚያመጣላችሁ ሰው በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ እንዲከታቸውና ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ እንዲወትፍ ንገሩት። ምላጭና ቢላ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ሱፐር ግሉ እዚህም ስላለ ከዚያ ማስመጣት አያስፈልግም።

ሣጥኑ በተከፈተ ቀን ዝርዝሩን ይዛችሁ ሁሉንም ቁጠሩ፤ የጎደለውን ለአምራቹ በፎቶ ላኩ። ብዙዎቹ ይልካሉ፤ ግን ወራት ስለሚፈጅ ዛሬ ያልተጠየቀ ቁራጭ ገመድ ላይ ስትደርሱ ሥራ ያቆማል። ፕላኑን ቅጂ አስነሡ፤ ዋናው ኮላ አይንካው። ቅጂው ላይ 100 ሚሊ ሜትር የተባለው መስመር በማስመሪያ 100 መሆኑን አረጋግጡ፤ የቅጂ ማሽን ሁለት በመቶ ቢያሳንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 12 ሚሊ ሜትር ይጠፋል።

የጀርባ ሰሌዳውን መስታወት ላይ አስተኙት። ከተወላገደ ሁለቱንም ፊት በርጥብ ጨርቅ አራሱት፣ በሁለት መስታወት መሐል አስገቡና መጻሕፍት ጭናችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ ኮምፔንሳቶ እርጥበት ይጠጣል። የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ነው፤ አየሩም የተለያየ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የተወሰደ እንጨት ሣጥኑ ተከፍቶ ጥቂት ቀን ይረፍ። በክረምት የጎድን ሰሌዳ መትከል ይቻላል፤ ሁለተኛውን ልባጥ ግን ከመስከረም በኋላ ብታደርጉት ጣውላው ሲደርቅ ክፍተት አያወጣም።

በሌዘር የተቆረጠ ጠርዝ ጥቁር ነው፤ ኮላ በተቃጠለ ነገር ላይ በደንብ አይዝም። የሚለጠፈውን ጠርዝ በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ አስኪዱት። ማስገቢያዎቹን ግን አትንኩ፤ ከላሉ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ልባጡ ላይ ሥራው የሚበላሸው እንዴት ነው

የጎድን ሰሌዳዎቹ ከደረቁ በኋላ ጠርዛቸው ሰያፍ ሆኖ መሞረድ አለበት፤ በተለይ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ሦስቱ። ጣውላ በጠርዙ ሙሉ ስፋት ካልተኛ በአንድ ጫፍ ብቻ ይነካል፤ ያኔ አካሉ ላይ እንደ ከብት የጎድን አጥንት የሚቆጠር ጉብታ ይወጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ጣውላ ከአፍንጫ እስከ ኋላ በእጅ አስተኙ፤ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰሌዳዎች መሐል ያለውን ባዶ ቦታ በለስላሳ እንጨት ሙሉትና ቅርጹን አውጡለት። መመሪያው ባያዝም አድርጉት፤ ድቡልቡል አፍንጫ ያለዚህ አይቀናም። የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ጣውላ ለዚህ ይበቃል።

ከዚያ ልኬት። በመካከለኛው ሰሌዳ ዙሪያ ወረቀት ጠምጥማችሁ ከወለሉ እስከ ኪሉ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ከፊት እስከ ኋላ እስከሚሄደው እንጨት፣ ለኩ። 110 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ5 ሚሊ ሜትር ጣውላ 22 ይሆናል። አፍንጫው ላይ ያው ርቀት 66 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለ22 ሲካፈል ለአንዱ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ እንግዲህ እያንዳንዱ ጣውላ ከመካከል ወደ ፊት ከ5 ወደ 3 መጥበብ አለበት። ሕጉ፦ ከግማሽ ስፋቱ በታች አታጥቡ። አፍንጫው 44 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን ለአንዱ የሚደርሰው 2 ነው፤ አይሆንም። ያኔ ስድስቱ ጣውላ አፍንጫው ሳይደርሱ በጎረቤታቸው ውስጥ ተዋድደው ይቆማሉ፤ ለቀሩት 16 ለእያንዳንዳቸው 2.75 ይደርሳቸዋል። ኋላው ደግሞ 125 ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ እሱ የሦስት ጣውላ ስፋት ነውና ሽብልቅ ተቆርጦ ይገባበታል። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው ጣውላውን እንዳለ ለጥፎ ሲሄድ አፍንጫው ላይ ተደራርቦ ይነሣበታል፤ ከዚያ በኃይል ይጫነዋል፤ ከዚያ ይሰበርበታል።

ከኪሉ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ጣውላ አፍንጫው ላይ ሽቅብ እንዲወጣ አትፍቀዱለት። ከወጣ በላዩ የሚመጣው ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል፣ ማጥበቡም ከአቅም በላይ ይሆናል። ዝቅ ብሎ ቀድሞ ይቁም።

ጣውላውን ለማለስለስ 15 ወይም 20 ደቂቃ በሙቅ ውሃ መንከር ይበቃል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለ1.5 ሚሊ ሜትር ጣውላ አያንስም። ካውያ ያለው በካውያ ጫፍ ያጉብጠው፤ መብራት ከሄደ ከፈላ ውሃ ያወጡትን ጣውላ በብረት ኩባያ ዙሪያ ጠምዝዞ በላስቲክ ማሰር ይቻላል። ዋናው ነገር እርጥቡን አለመለጠፍ ነው። እርጥብ ጣውላ አብጧል፤ ኮላው ከያዘው በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና በየመሐሉ ክር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በቦታው በልብስ መቆንጠጫ ይዛችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ ለጥፉት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ፤ ሁልጊዜ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የጀርባ ሰሌዳውን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ ይህ ከሆነ ማቃኛ የለውም።

ለመጀመሪያው ልባጥ ነጭ የእንጨት ኮላ ከሁሉ ይሻላል፤ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ሱፐር ግሉን በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጠብታ እንደ መቆንጠጫ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ፊቱ ላይ ከፈሰሰ እንጨቱን ይደፍነውና ቨርኒሽ ሲቀባ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ለሁለተኛው ልባጥ ብዙዎች የጫማ ሠሪ ማስቲሽ ይመርጣሉ። ቶሎ ይይዛል፤ ግን አንዴ ከነካ አይንቀሳቀስም፣ ጉብጠት ላይም ከጊዜ በኋላ ሊለቅ ይችላል። ከማስቲሹ የተሻለ መንገድ አለ፦ ነጭ ኮላውን በስሱ ሁለቱም ፊት ላይ ቀቡና ግልጽ ሆኖ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ጣውላውን በቦታው አድርጋችሁ በካውያ ተጫኑት። ኮላው ይቀልጥና ይይዛል። ብሩህ የብረት ምስማር በዋልነት ላይ አትተዉ፤ ዝገቱ ከእንጨቱ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ይተዋል። ናስ ይሁን፣ ወይም ይነቀል።

ሲሞረድ በ120 ተጀምሮ በ180 እና በ240 ይቀጥላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ብዙ አይደለም፤ ጎድጓዳ ካለ ዙሪያውን ከመላጥ ጎድጓዳውን መሙላት ይሻላል። ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል፤ ጨፍናችሁ ከአፍንጫ ወደ ኋላ ዳስሱ።

እዚሁ የሚገኘውና የማይገኘው

ክር ከኪቱ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጸጉራም ነው። የሰፊ ቤት የፖሊስተር ክር ለስስ ገመድ ይተካዋል። ውፍረቱን ለማወቅ እርሳስ ላይ 20 ጊዜ አጠጋግታችሁ ጠምጥሙ፤ 10 ሚሊ ሜትር ከያዘ ክሩ 0.5 ነው። የማይንቀሳቀሰው የምሰሶ ደጋፊ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡና፣ ሸራ የሚጎትተው ቀለሙ ፈዛዛ ይሁን። ንጹሕ ሰም ገበያ ላይ አለ፤ ክሩን በቁራጭ ሰም ላይ ሁለቴ ጎትቱት፣ በጣት አሙቁት፤ ጸጉሩ ይተኛል። ሰሙ ከበዛ የኮምቦልቻን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ በበጋ እንደ ክራር ያጠበቃችሁት ክረምት ላይ ምሰሶውን ይጎትተዋል። ጥቂት ላላ አድርጉት።

ደጋፊ ገመዶቹ ሲታሰሩ ከቀኙ ጎን የፊተኛው ጥንድ ይቀድማል፣ ቀጥሎ የግራው የፊተኛ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። ምሰሶው እንዳያዘነብል በየጥንዱ ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩት። በላይኛውና በታችኛው ዴድአይ መሐል ያለው ርቀት እኩል እንዲሆን ከሽቦ ሹካ ሥሩለት፤ በዓይን ግምት የተሠራ ሁልጊዜ ደረጃ ይመስላል።

የተሰበረ የልባጥ ጣውላ ለመተካት እንጨት ቤት መሄድ ያስከፋል። የክብ መጋዝ ጥርስ ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ጣውላ ለማግኘት ሁለት እጥፉ ብናኝ ይሆናል፣ ውፍረቱም እኩል አይወጣም። ስለዚህ የጣውላው ቁጥር ከስሌታችሁ አሥር በመቶ የማይበልጥ ኪት ከሆነ ትርፍ ጣውላ አብራችሁ እዘዙ። ለመቆሚያው ግን ዋንዛ ከየትኛውም የኪት እንጨት ይበልጣል፤ ወይራ ደግሞ በጣም ጠንካራ በመሆኑ ለሚሰበሩ ትንንሽ ካስማዎች ይሆናል፣ ቢላውን ቶሎ ቢያደነዝዝም።

የመስታወት ሣጥን ስታሠሩ ከመርከቧ ጫፍ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ልኩን የምትወስዱት ከአካሉ ሳይሆን ከፊት ዘንጉ ጫፍና ከምሰሶው አናት ነው። ከታች በኩል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ ፍጹም የታሸገ ሣጥን እርጥበቱን ውስጥ ይይዛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የምትወስዷት ከሆነ ደግሞ ሣጥኑንና መርከቧን ለየብቻ አድርጉ፤ መርከቧን ከመቆሚያው ጋር በስፒል አጥብቃችሁ አፍንጫዋን ወደ መኪናው ፊት አዙሩ። የሐረጎ መታጠፊያ የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ሁለቱም ወገን ደጋፊ ገመድ አለ።